በጭብጨባ ያስተማርኩት ዜማ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የኮንዶሚኒየሙ ውሃ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል እንጂ ልደታ ተስማምቶኛል። የላክሁልሽን ጋቢ ለሰው ሰጥተሽ በአምቦ ብርድ እንዳትቀመጪ፤ አውቅሻለሁ።

እማዬ፣ ሆዴን ያባባው ነገር አለ። ዘንድሮ ለሰባተኛ ክፍል የክወና ጥበብ ነው የማስተምረው። ለወላጆች ቀን ከየብሔረሰቡ አንድ አንድ ዘፈን ይዘጋጅ ተባለ። የጉራጌውንና የወላይታውን ከልጆቹ ቤት አገኘን። ለኦሮሞው ግን አልተጨነቅሁም፤ ጸጉሬን ስትሠሪኝ የምታንጎራጉሪው አለ ብዬ። የከተማ ልጅ ትሁን ብለሽ ኦሮምኛውን ከለከልሽኝ እንጂ (እሱን እስካሁን ቂም ይዤበታለሁ) ዜማውን ከነቃሉ ይዤዋለሁ። እሹሩሩ ይመስለኝ ነበር። ለመድረክ ቀዘዝ ስላለብኝ አፈጠንኩት፣ ከበሮና ጭብጨባም ጨመርኩበት። ኦሮምኛ ትሰማለች የተባለችው ተማሪዬ ኢሊሊ እንኳ የድሮ ቃል ነው፣ አይገባኝም አለችኝ። ልጆቹ ወደዱት።

ሐሙስ ዕለት እየተለማመድን ሳለ የኢሊሊ አያት እማማ ጠጅቱ ሊወስዷት መጡ። በሩ ላይ ቆመው ትንሽ ሰሙ። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና ማልቀስ ጀመሩ። ልጆቹ ደንግጠው አቆሙ። ወደ ውጭ ይዣቸው ወጥቼ ምን ሆኑብኝ አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ልጇን የቀበረች እናት የምትለው ነው። አይጨበጨብበትም» አሉኝ።

ከማን እንደተማርኩት ጠየቁኝ፤ ከእናቴ አልኳቸው። ስንት እኅት ወንድም አለሽ አሉኝ። እኔ ብቻ ነኝ ስላቸው እጄን ያዙኝ። ኢሊሊ እስክትጠራቸው ድረስ አልለቀቁኝም።

ዘፈኑን አስቀርቼዋለሁ። ርዕሰ መምህሩ ልጆቹ ከለመዱት ምን አለበት ብሎ ተቆጣኝ። ለልጆቹም ምክንያቱን መናገር ከበደኝ፤ በሌላ እንቀይረው ብቻ አልኳቸው።

እማዬ፣ ያን ሁሉ ዘመን ከጀርባዬ ተቀምጠሽ ስታንጎራጉሪ አንድ ቀን እንኳ ዞሬ ፊትሽን አላየሁም። ጸጉሬ እንዳይበላሽ ቀጥ በይ ትይኝ ነበር። እሱ ነው ያቃጠለኝ።

ማውራት ካልፈለግሽ አላስጨንቅሽም። ስሙን ብቻ፣ ወይም ስሟን፣ ላኪልኝ። ልደታ ስሳለም የምጠራው ይኑረኝ።

እመቤቴ ጉልበትሽን ታጽናልኝ፣ እንባሽንም ትቁጠርልሽ። ጉንጭሽን ስሜያለሁ።

ከልጆችሽ አንዷ