ባለቤቱ በአካል ቀርቦ ይፈርም

ለተከበሩ የስልክ አገልግሎት ድርጅት የደንበኞች ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብስ? ግድግዳ የምንጋራት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ደም ግፊቷ አልወርድ ብሎ ተኝታለች፤ ሴት ልጇ ሥራዋን ጥላ መጥታ ታስታምማታለች። ብዕር ያነሳሁት ግን ስለ ባለቤቷ ላመሰግንዎ ነው።

ባለቤቷ ጡረታ የወጡ ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። የሰው ሰዓት ሲያስተካክሉ ኖረው፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ቤታቸውንም መርሳት ጀመሩ። ጎረቤቴ መንገዳችን ማዕዘን ላይ «የትም ይሁኑ እናገኝዎታለን» የሚለውን ማስታወቂያችሁን አንብባ አመነች፤ ስልካቸውን የትም እየጣሉ ስላስቸገሯት ከኮታቸው ገበር ውስጥ ሰፋችው፤ ቻርጅ ሲያልቅ እየተረተረች፣ ሲሞላ መልሳ እየሰፋች። ማክሰኞ ጠዋት ወጥተው ሲቀሩ ወደ እናንተ የሮጥነው ለዚህ ነው።

፩ኛ. የመስኮት ሦስቱን ሠራተኛዎን አመሰግናለሁ። ኮምፒውተሩን አይቶ «አይዟችሁ እትዬ፣ ይታያል» ብሎ ነፍሳችንን ከመለሰ በኋላ፣ የደንበኛ ምስጢር ስለሆነ ባለቤቱ በአካል ቀርበው ካልፈረሙ ቦታውን መናገር እንደማይቻል በትሕትና አስረዳን። ሰውየው ቢጠፉም ምስጢራቸው እንዳይጠፋ መጠንቀቃችሁ አኩርቶናል።

፪ኛ. ረቡዕ ከፖሊስ ደብዳቤ ብናመጣ ማኅተሙ ደብዝዟል ብላችሁ መለሳችሁን። እውነት ነው፣ ደብዝዟል፤ ዓይናችሁን ይጠብቅላችሁ።

፫ኛ. ጎረቤቴ «ይጠራል! እየጠራ ነው!» እያለች ሁለት ቀን ስትደውል ኖራ፣ መደወሏ ባትሪውን እንደሚጨርስ የነገራችኋት ረቡዕ ከሰዓት ነው። እሳት እንደነካው ሰው ስልኳን ለቀቀችው። ምክሩን በነፃ ስለሰጣችኋት እናመሰግናለን። ሐሙስ አንዴ ብንሞክር የእናንተዋ ሴትዮ በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል ነገረችን።

ዓርብ ከሰፈራችን ዳር ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ዘበኛ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ጎረቤቴ መጣ። «እትዬ፣ ሁለት ቀን ከጉድጓዱ ስልክ ሲጮኽ እሰማ ነበር፤ የሠራተኞቹ መስሎኝ» አለና ወደ ጉድጓዱ መርቶ ወሰደን። አስከሬናቸውን የመረመረው ሐኪም እስከ ረቡዕ ማታ በሕይወት ነበሩ ብሏል። ካባው አፋፍ ላይ የቆመው የስልክ ምሰሶ የእናንተው ነው፤ አንድ ሰው ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ቢያይ ይበቃ ነበር።

ያለሁበትን ከእኔ ቀድማችሁ የምታውቁልኝ፣ ዕድሜና ሹመት የምመኝልዎ፣

የልብስ ሰፊዋ ጎረቤት

ይቅርታ፣ ከፈረምኩ በኋላ የሆነ ነገር አለ፦ ትናንት የመስኮት ሦስቱ ልጅ ከእርስዎ ተልኮ መጣ። የጎረቤቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ፎርሙን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ባለቤቱ ስላረፉ አሁን ሚስት ብትፈርም ስልኩ የነበረበት ቦታ በጽሑፍ እንደሚሰጣት ነገራት። ጎረቤቴም እጁን ይዛ፣ «ተወው ልጄ፣ አሁንማ ያለበትን አውቀዋለሁ» አለችው።