ፀጥታን ይወዱ የነበሩት መምህርታችን

ዛሬ የምንሸኛቸው እናታችን፣ አክስታችንና መምህርታችን ጥር 9 ቀን 1947 ዓ.ም. ከእንጨት ሰንጣቂ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ቀኑን ሙሉ በመሰንጠቂያ ማሽን ጩኸት ጆሯቸው ሲደነቁር ውሎ ወደ ቤት ሲመለሱ ቤቱ ጭጭ እንዲልላቸው ይፈልጉ ነበር። ልጆቹም ጨው ለመቀባበል እንኳ በዓይን መጠቃቀስ ለመዱ። ታላቅ እህታቸው፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እናት፣ "እኛ ቤት ጨዋ ልጅ ማለት ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነበር" ይላሉ።

በ1954 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከደረጃ ሳይወጡ ዘለቁ። ከዚያም ሁለት ዓመት በመምህርነት ሠልጥነው በ1968 ዓ.ም. የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኑ። በክረምት ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ በ1975 ዓ.ም. ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተዛወሩ። በዚያም የሕፃናትን የቋንቋ ዕድገት፣ የንባብ መነሻንና ለትንንሽ ልጆች እንግሊዝኛ የሚጀመርበትን መንገድ አስተማሩ። ኋላ ላይ ራሳቸው ደጋግመው እንደተናገሩት፣ አንድም ቀን አንደኛ ክፍል ገብተው ሳያስተምሩ የአንደኛ ክፍል መምህራንን ያሠለጥኑ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ያዘጋጇቸውን የንባብ ካርዶች ለማሳተም ማተሚያ ቤት ሄዱ። የእርሳስ ፊደል እየለቀመ ገጽ የሚደረድረው ፊደል ለቃሚ ቀና ብሎ፣ "መምህርት፣ ፀሐይ የሚለውን በየትኛው ልልቀመው?" አላቸው።

"በፀሐዩ ፀ ነዋ!"

"እሱንማ ነው የምጠይቅዎት፤ የፀሐዩ የቱ ነው?"

በዚህ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። ካርዱ ሲታተም አንዱ ቦታ በ"ፀ"፣ ሌላው ቦታ በ"ጸ" የተለቀመ ሆኖ ተገኘ። ፊደል ለቃሚው በስህተት ነው ቢልም አክስታችን አላመኑትም። በዓመቱ ተጋቡና በ1979 ሴት ልጃቸውን፣ በ1982 ወንድ ልጃቸውን ወለዱ።

በኮሌጁ ሠልጣኞቻቸው፣ እሳቸው በሌሉበት፣ "እትዬ ፀጥታ" ይሏቸው ነበር። የማስተማር ልምምድ ለመገምገም ሲመጡ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው በመጀመሪያ የሚያዳምጡት የክፍሉን ድምፅ ነው። ዝንብ ስትበር የምትሰማበት ክፍል ጥሩ ውጤት ያገኛል። ልጆች የሚንጫጩበት ክፍል መምህሩ የቱንም ያህል ቢደክም አያልፍም።

በ1984 ዓ.ም. አንዲት ሠልጣኝ አንደኛ ክፍል ውስጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት ስትሰጥ ሊገመግሟት ገቡ። የዕለቱ ትምህርት "ላይ"፣ "ውስጥ" እና "ሥር" የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ማስተማር ነበር። ሠልጣኟ ሰሌዳ ላይ በመጻፍ ፈንታ ልጆቹን አስነሥታ ወንበር ላይ አወጣቻቸው፤ ጠረጴዛ ሥር አስገባቻቸው። በመጀመሪያ አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ "ሥር ነን!" ብለው ይጮኻሉ፤ ቀጥላ "አንደር!" ታስብላቸዋለች። ክፍሉ ቀለጠ። መምህርታችን ዐሥራ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ተነሡ። በግምገማ ቅጹ ላይ "ክፍሉ ሥርዓት የለውም፤ ተማሪዎች ጠረጴዛ ሥር ተገኝተዋል" ብለው ጻፉና ጣሏት። በጊዜው ደንብ የመጨረሻ ልምምዱን የወደቀ ሠልጣኝ ኮሌጁን ለቆ ይሄድ ነበር፤ እሷም ለቀቀች።

በሳምንቱ የዚያ ክፍል መምህርት ቢሯቸው ድረስ መጣች። "ጠረጴዛ ሥር ከገቡት አንዷ ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ቃል ወጥቷት አያውቅም። መናገር አትችልም ብለን ደምድመን ነበር። ያን ቀን ነው እኛ ዘንድ አፏን የፈታችው" አለቻቸው። መምህርታችን ወረቀት እያገላበጡ፣ "ውጤቱ ተፈርሞ ገብቷል" አሏት። ገና ሬጅስትራር አልደረሰም ነበር፤ መሳቢያቸው ውስጥ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገሩም። ለባለቤታቸው እንኳ የነገሩት ከዓመታት በኋላ ነው።

በ1991 ዓ.ም. ኮሌጁ አዲስ የሥልጠና መጽሐፍ ሲያስጽፋቸው፣ ለአንድ ዓመት አንደኛ ክፍል እንዲያስተምሩ ላካቸው። ስድሳ ሁለት ልጆች ተረከቡ። እንደ ልማዳቸው ክፍሉን ጸጥ አሰኙት። ልጆቹ ፊደል ገበታውን በአንድ ድምፅ ሲወርዱት ልባቸው በደስታ ተሞላ። አንድ ቀን ግን በዘንጋቸው መሐል ላይ ያለውን "ቀ" ነክተው፣ "ይህ ማን ነው?" ብለው አንዷን ጠየቋት። ልጅቷ በሹክሹክታ ከ"ሀ" ጀምራ እየቆጠረች ወርዳ "ቀ" ላይ ስትደርስ ቆመች። ሌላ ጠየቁ፤ እሱም ከ"ሀ" ጀመረ። ከስድሳ ሁለቱ ፊደሉን በመልኩ የሚያውቁት ዘጠኝ ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀሩት ዜማውን ነው የያዙት። ልጆቹ የማያውቁትን እንዳይጠይቁ፣ የሚያውቁትንም እንዳይናገሩ አፋቸውን የዘጉባቸው ራሳቸው መሆናቸው ያኔ ገባቸው። እቤት ገብተው ለባለቤታቸው የመሳቢያውን ነገር የተናገሩት በዚያ ሳምንት ነው።

ባለቤታቸው፣ "ታዲያ ፈልገሻት ይቅርታ አትጠይቂያትም?" አሏቸው። "በምን ዓይኔ አያታለሁ?" ብለው አራት ዓመት ቆዩ። ውጤቱ መሳቢያቸው ውስጥ ከቆየበት ሳምንት ይልቅ በዚህ አራት ዓመት ይጸጸቱ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. ያቺ ሠልጣኝ ሆስፒታል ካርድ ክፍል እንደምትሠራ ሰምተው ሄዱ። ከሕመምተኞች ጋር ተሰልፈው ተራቸው ሲደርስ በመስኮቱ አየቻቸውና ለየቻቸው።

"መምህር፣ ካርድ አለዎት ወይስ አዲስ ነዎት?"

"አልታመምኩም። ያኔ የጣልኩሽ በስህተት ነው። ስህተቴን ነግረውኝ እያለም አላረምኩትም።"

"ዐውቃለሁ" አለች፤ "የክፍሉ መምህርት ነግራኛለች። ከዛሬ ነገ ይጠሩኛል ብዬ አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቅሁ።" ከዚያም ከኋላቸው የቆመውን ሰው ቀጣይ ብላ ጠራች።

መምህርታችን ለኮሌጁ አመልክተው እንድትመለስ ፈቃድ አገኙላት። ኮሌጁ ግን ዓመቱን ከመጀመሪያው ድገሚ አላት። እሷም፣ "ሁለት ልጅ ይዤ ከልጆች ጋር ልፎካከር?" ብላ መልሳ ላከችባቸው። ከዚያ በኋላ አልተገናኙም።

በ2007 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለየዓመቱ አዲስ ሠልጣኞች የመጀመሪያው ትምህርታቸው ይህ ታሪክ ነበር፤ የሷን ስም ሳይጠሩ፣ የራሳቸውን ግን ሳይደብቁ። የግምገማ ቅጹን አስለውጠው "ልጆቹ ምን ተናገሩ?" የሚል ጥያቄ አስገቡበት። የእህታቸው ልጅ፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ አንደኛ ክፍል ስታስተምር ሊጎበኟት መጥተው ጫጫታው ራሳቸውን ቢያዞራቸውም ደወል እስኪደወል ከመቀመጫቸው አልተነሡም። ሰው ሲያመሰግናቸው ግን ደስ አይላቸውም ነበር። "እኔ የተማርኩት በሰው እንጀራ ነው" ይሉ ነበር።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ድካም ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ራሳቸው አዘዙን። "የሠራሁትን ብቻ ደርድራችሁ እንዳታነቡ። ያቺን ልጅ ካልጻፋችሁ ምንም አትጻፉ" አሉን። ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውንና በየትምህርት ቤቱ ያሉ ሠልጣኞቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ወደ ካርድ ክፍሉ መርዶውን ልከንላታል። መጥታ እንደሆነ ከመካከላችን የትኛዋ እንደሆነች አናውቅም፤ እንዳንፈልጋትም አክስታችን አዘውናል። በሰው ፊት ጮክ ብለን እንድናነብላቸው አደራ ያሉን ቃል ይህ ነው፦ "ጎበዝ መምህርት ነበረች። አይቻለሁ።"

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በዕረፍት ይቀበልልን። የተጸጸቱበትን ይቅር ይበላቸው፤ የተቀየመቻቸውንም እሱ ያጽናናት።