ቀይ ልብ፣ በሹክሹክታ

ቅዳሜ፣ ጥር 4

ዛሬም ፖከር። እንደ ሁልጊዜው ከምሳ በኋላ፣ አጎቴ ልብስ ስፌት ቤት፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ። የምንወራረደው በቁልፍ ነው፦ አንድ የካፖርት ቁልፍ አሥር የሸሚዝ ቁልፍ ያወጣል። አጎቴ ሜትሩን እንደ ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ፣ ራሱ መላጣ፣ ካርታ በደረሰው ቁጥር ጎማው እንደተነፈሰ መኪና ይተነፍሳል። ካርታ የምታድለው አክስቴ ናት። ነርስ ስለሆነች ካርታውንም እንደ ክኒን ነው የምትሰጠው። አያቴ፣ አባባ፣ አጠገቤ።

የአያቴን ዓይን ነገር ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዱ ሰውዬ... አሁን መሀል የተዘረጋውን ካርታ ቀይ ይሁን ጥቁር እንጂ ቅርጹን አይለዩም። በእጃቸው ያለውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ያዩታል። የመሀሉን እኔ በሹክሹክታ አነብላቸዋለሁ። ጆሯቸውን ወደ እኔ ዘንበል ያደርጋሉ። ሌሎቹ እነሱን የማማ ይመስላቸዋል። (አንዳንዴም አማለሁ።)

ሁለት ንጉሥ ደረሰኝ። ሁለት! ወዲያው ውርርዱን በትልቁ ጨምሬ ግማሹን ሰው ማባረር ነበረብኝ። ስስት... ሁሉም ይግባልኝ ብዬ ሳልጨምር ቀረሁ። ሁሉም ገቡ። መሀል ላይ ሁለት ልብ ወጣ። ያኔ ጨመርኩ፤ ማንም ካርታውን አልጣለም። ጥቁር ወጣ። ጨመርኩ። አሁንም ማንም። አባባ ልብ እየጠበቁ እንደሆነ ገብቶኛል፣ በእጃቸው ካለው ጋር አምስት ልብ ከሞላላቸው ንጉሦቼን ይበልጣሉ፤ ሲጠብቁ አውራ ጣታቸው መሪ እንደያዘ ሰው ጠረጴዛውን ይነካካል። የመጨረሻው ካርታ ወጣ... ልብ።

"ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ዳይመንድ።"

እንዴት አመለጠኝ? ሳላስበው ነው። አይ... አስቤበታለሁ። ልብም ዳይመንድም ቀይ ነው፣ አይለዩትም ብዬ።

ስጨምር ሁሉም ጣሉ። አባባም ጣሉ። አክስቴ ስትሰበስብ የአባባን ገልብጣ አየች።

"አባዬ! ሁለት ልብ ይዘህ ትጥላለህ? አምስት ሞልቶልህ እኮ ነበር!"

"ልብ ነው እንዴ የወጣው?"

"ጋሼ ጃጁ!" አለ መላጣው።

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ "ዘነጋሁት" አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንዲያውም ቀድሜ።

ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን ይዘው፣ "ልጄ፣ አንቺ ልብ ብለሽኝ እኔ ዳይመንድ ሰማሁ?"

"አዎ አባባ።"

አዎ አልኩ!

እሑድ፣ ጥር 5

የካፖርት ቁልፎቹ ኪሴ ውስጥ አሉ። ምን ላድርጋቸው? ካፖርት የለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

አባባ አልመጡም።

"ራሴን አላምነውም አለኝ" አለች አክስቴ። "የቤቱን ቁልፍ ለእኔ ሰጠኝ። ምድጃም አላበራም፣ መንገድም ብቻዬን አልሻገርም ይላል።"

አንድ ካርታ ተሳሳትኩ ብለው? በእኔ ውሸት?

ስጫወት ሁሉንም ተበላሁ። አጎቴ አዘነልኝና አስተማሪ ሆነ።

"ስሚ አንቺ ምላጭ። ንጉሥ ይዘሽ ያን ሁሉ ሰው ካስገባሽ አንዱ ይበልጥሻል። ወይ ቀድመሽ ታባርሪያለሽ፣ ወይ ሲከፋ ትጥያለሽ።"

"ሌላ መንገድ የለም?"

"የለም።"

መንገድማ አለ። እኔ አግኝቼዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ከትምህርት ቤት በቀጥታ አባባ ጋ ሄድኩ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ ከነጫማቸው፣ የትም ሳይሄዱ። መንገድ ላይ ቀልድ ቢጤ አዘጋጅቼ ነበር። ጠፋኝ።

"አባባ... ዳይመንድ ነው ያልኩዎት እኔ ነኝ። በትክክል ነው የሰሙት።"

"እ?"

"ንጉሥ ይዤ ነበር። እንዲጥሉልኝ ብዬ ነው።"

"ታዲያ... አልጃጀሁም?"

"አልጃጁም አባባ።"

ሳቁ! ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ሳቁ ሲያልቅ ደግሞ ፊታቸው ወደ ቦታው አልተመለሰም።

"ለቁልፍ?" አሉኝ ቀስ ብለው።



ቅዳሜ፣ ጥር 18

አባባ መጡ። መንገዱን ብቻቸውን ተሻግረው። የቤት ቁልፋቸውንም ከአክስቴ ተቀበሉ።

ገና ሳይቀመጡ፣ "ዓይኔ ደክሟል" አሉ ለሁሉም። "ያን ቀንም ካርታዬን የጣልኩት ስላላየሁ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ልጅ ጮክ ብላ ታነብልኛለች።"

ስለ እኔ አንድም ቃል የለም። አክስቴ እንዲያውም ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፣ "ጎበዝ ልጅ!" ብላ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ...

ሁለት ንግሥት ደረሰኝ። ቀድሜ ጨመርኩ። መላጣው ተንፍሶ ጣለ፣ አክስቴም። አጎቴና አባባ ቀሩ። መሀል ላይ ሁለት ልብ። ከዚያ ጥቁር። የአባባ አውራ ጣት ጠረጴዛውን መነካካት ጀመረ። የመጨረሻው ወጣ።

"ልብ!" አልኩ። "ባለ ዘጠኝ። ልብ ነው።" ድምፄ እስከ ፀጉር ቤቱ ሳይሰማ አልቀረም።

አባባ በትልቁ ጨመሩ። ንግሥቶቼን ጣልኩ። አጎቴም ጣለ። አባባ ቁልፎቹን ሲሰበስቡ እያንዳንዱን በጣታቸው እየዳሰሱ የካፖርቱን ከሸሚዙ ለዩ። ማንንም አልጠየቁም።

ድሮ ሳነብላቸው ጆሯቸውን ወደ እኔ ዘንበል ያደርጉ ነበር። ዛሬ ቀጥ ብለው ነው የተቀመጡት።