ወንጭፉ ሻንጣዬ ውስጥ ነው

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 14

ሱሀይላዬ፣

ሐዋሳ ላይ ሙዝሽን የቀማችሽን ጦጣ እርሺያት። የዚህ ደጋ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብለው ሳር ሲነጩ ሰው መኖሩንም ከቁም ነገር አይቆጥሩትም።

የመንደሩ አስጎብኚ ማኅበር የመጀመሪያዎቹ እንግዶች እኔና የጉዞ ጓደኞቼ ነን። አስጎብኚያችን ኡሙልኸይር ከጅዳ ከተመለሰች ዓመት ሆናት፤ ይህ ሥራ ካልተሳካላት ተመልሳ ልትሄድ ነው። ዛሬ "ድምፅ እንዳታሰሙ" ብላን ትንፋሻችንን ውጠን ተቀመጥን። መንጋው አጠገባችን ደርሶ ካሜራ ስናነሳ አንዱ ጭላዳ ገብስ ማሳ ውስጥ ዘው አለ። ወዲያው ከኋላችን ወንጭፍ ጯ አለ። ድንጋዩ ማንንም ባይነካም መንጋው በሙሉ ወደ ገደሉ ወረደ። የወነጨፉት የማኅበሩ ጥበቃ ጋሽ አለምነው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ጭላዳ ከሰብል ሲያባርሩ የኖሩ ገበሬ፤ አሁን ግን ማኅበሩ እንዳያባርሩ አሠልጥኗቸዋል።

"አፉ በሉኝ ልጆቼ፤ ስልጠናውን እኔ ወሰድኩ እንጂ እጄ አልወሰደም" አሉ።

ኡሙልኸይር ተቆጥታ ወንጭፉን ተቀበለቻቸው። መንጋው ተመልሶ ያው ጭላዳ ገብሱ ውስጥ ሲገባ ግን እሷው ራሷ ወነጨፈች። ለካ ማሳው የእናቷ ኖሯል። ጋሽ አለምነው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ እኛም አልቀረንም።

ወንጭፉ እኔ ሻንጣ ውስጥ ከተቆለፈበት በኋላ ጭላዳዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ግልገሎቹ እግራችን ሥር ድረስ እየተንከባለሉ ሲጫወቱ ኡሙልኸይር "እንግዲህ ጅዳ ቀረች" አለች፣ በሹክሹክታ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እትዬን ሳሚልኝ፤ መጋቢት ላይ አንቺና እኔ አብረን እንመጣለን። ጋሽ አለምነው "ጓደኛሽ እስክትመጣ እጄም ይሠለጥናል፣ ኢንሻ አላህ በያት" ብለዋል።

የሻለም