ዙሪያውን የተላጠው ዋንዛ

እንጅባራ፣ ኅዳር ፳፪ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ውድ አበረ፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ግን ሰባት ዓመት ዝም ያለ ሰው በምን አፉ ጤና ይጠይቃል? ባሕር ዳር መኖርህን የነገረኝ ጨው ነጋዴው ደሴ ነው። ይህንንም ወረቀት እጅህ ላይ አደርሳለሁ ብሎ ምሎልኛል።

አሁን እንጅባራ አስተማሪ ነኝ። ሰሞኑን ሰሌዳው ላይ ዛፍ ሥዬ ሥሩ ውኃ እንደሚመጥ፣ ውኃው በእንጨቱ ውስጥ ሽቅብ እንደሚወጣ፣ ቅጠሉ በፀሐይ ምግብ እንደሚሠራ፣ ምግቡም በልጡ በኩል ቁልቁል ወርዶ ሥሩን እንደሚመግብ ሳስረዳ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ልጡ ዙሪያውን ቢላጥስ?» አለችኝ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ ብል ውሸት ነው፤ ግን ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ የሣልኩትን ዛፍ አጠፋሁት።

እኔም ዳንግላ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ይህንኑ ተምሬ ነበር። አስተማሪው ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይሞታል ሲል አላመንኩትም። አንተ የመንደሩ ቤት ሁሉ ማገር የሚታሰርበትን ልጥ ከዋንዛ ስትልጥ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ በዚያ የሞተ ዛፍ አላየሁም። ሁልጊዜ ከአንድ ጎን ብቻ፣ ከመዳፍ ሳታሰፋ እንደምትልጥ ልብ አላልኩም።

በጥቅምት በእናቴ የሽንኩርት ቢላዋ የአባቴን ዋንዛ ላጥኩት፤ ያንን ቀፎዎቹ የተንጠለጠሉበትን። ሌላ ዛፍ ጠፍቶ አይደለም፤ ከቤት ስወጣና ስገባ ላየው ስለምችል ነው። ሣሩ በሚሸፍነው ቦታ፣ ሦስት ጣት በሚሆን ስፋት፣ ዙሪያውን። አንድ ወር ጠበቅሁ፤ ቅጠሉ እንደለመለመ ነው። ውኃው በእንጨቱ ይወጣ ነበራ! የሚራበው ሥሩ መሆኑ አልገባኝም። አስተማሪዬን በልቤ ሳቅሁበት።

አንተ ግን የተላጠውን አየኸው። እበትና ጭቃ ለውሰህ ቁስሉን ስትመርግ ጎረቤታችን ሀብቱ ተመልክቶሃል፤ ያኔ ጉንዳን የምትከላከል መስሎት አለፈ። በክረምቱ ቅጠሉ አንሶ፣ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ዝናቡ ጭቃውን አጥቦ ቀለበቱን ገለጠው። በዓመቱ ኅዳር ዋንዛው ቆሞ ደረቀ፣ ንቦቹም ጥለውት ሄዱ።

አባቴ አውጫጭ አስጠራ። ወንዱ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይገባ ተባለ። እኔ ለአባቴ ምሳ ይዤ ከሜዳው ዳር ቆሜያለሁ። ሀብቱ ያየውን ተናገረ።

«ላድነው ብዬ ነው እንጂ እኔ አልላጥኩትም» አልክ።

«እንግዲያስ ማላ! አላደረግሁም፣ ያደረገውንም አላውቅም በል» አሉህ ሽማግሌዎቹ።

አላደረግሁም ብለህ ማልክ። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ቀና ብለህ አየኸኝና ዝም አልክ። እኔም ዝም አልኩ። የእኔን ዝምታ ማንም አላየም፤ ያንተ ግን አስፈረደብህ። ከአገር ውጣ ተባልክ።

በማግሥቱ ከወንዝ ስመለስ መንገድ ላይ ጠበቅኸኝ።

«በሽንኩርት ቢላዋ ነው የተላጠው፤ ስትወጪ ስትገቢ ሣሩን ገልጠሽ ስታዪውም አይቼሻለሁ። እኔ በማጭድ እንደምልጥ አባትሽ ያውቃሉ፤ ንዴት ነው ያሳወራቸው» አልከኝ።

«ልናገር?» አልኩህ፣ እሺ እንዳትለኝ እየፈራሁ።

«ከትምህርት ቤት አስወጥተው ሊድሩሽ? ተይው። እኔ የትም ሠርቼ አድራለሁ። እማዬን ብቻ አደራ።»

እወድህ ነበር፣ አበረ። ዛሬ ብናገረው ምሕረት መለመኛ ይመስልብኛል፤ ቢሆንም እወድህ ነበር። አደራህንም በላሁ። የእናትህን የእማማ ዋጋዬን ደጅ ሰው ሲሸሸው፣ የማኅበሩ ጽዋ ሲያልፋቸው እያየሁ ትምህርቴን ጨረስኩ።

አባቴ በዚህ መስከረም ዐረፈ። ሊያርፍ ሲል እጄን ይዞ «አበረን ይቅር ብዬዋለሁ፤ የትም ፈልገሽ ንገሪልኝ» አለኝ። አፌን ከፈትኩ። «እሺ አባዬ» አልኩት። ከዋንዛው ይልቅ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ምንም ያልበደለውን ሰው ይቅር ብሎ ሞተ።

በአርባው ተዝካር ላይ ከሰው መካከል ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ሀብቱ እንደ ልጅ አለቀሰ። እናቴ እስካሁን አታናግረኝም። እማማ ዋጋዬ ግን መጥተው ከጎኔ ተቀመጡና «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ ልጄ?» አሉኝ። 

ዋንዛው ያኔውኑ ተቆርጧል። ጉቶው ግን ከቀለበቱ በታች አቆጥቁጧል፤ ሥሩ ያስቀመጣት ጥቂት ምግብ ነበረችው መሰለኝ። አሁን ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ልጥ የሚወጣው ግን ገና አይደለም፤ ማንም እንዳይነካው ብዬ አጥሬዋለሁ።

ና፣ አበረ። እናትህ በሕይወት ሳሉ ና። ለእኔ ስትል ና አልልህም። ስትመጣ ግን አባቴ የሰደደልህን ይቅርታ ይዘህልኝ ና፤ አንተ አያስፈልግህም፣ የእኔ ነበር።

እታለማሁ ውዱ