ያልተመዘገበው አንድ ሳህን የተቀቀለ አኩሪ አተር

ለእንስሳት ጤናና መኖ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

የታላቅ እህቴ መሪ ውሻ የሥራ ፈቃድ ከትናንት ሐሙስ ጀምሮ ታግዷል። የእግድ ደብዳቤው ምክንያቱን በአንድ መስመር ያስቀምጣል፦ «እንስሳው ጎጂነቱ በቤተ ሙከራ የተረጋገጠ አኩሪ አተር ስለሚመገብ።»

ይህ ጽሑፍ እርስዎንና ባልደረቦችዎን በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በተስተካከለ የምግብ መፈጨት ላይ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። በአንድ ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ደጅ ስለጠናሁ፣ የሰልፉን ርዝመትም ሆነ የአግዳሚ ወንበሩን ጥንካሬ ሌላ ሰው እንዲነግረኝ አያስፈልገኝም።

ይህ ደብዳቤ በጋዜጣም ስለሚወጣ፣ አንባቢም እንዲከተለን ጉዳዩን ከሥሩ ልጀምር። እህቴ ዓይነ ስውር ናት። በአንድ ሆስፒታል የስልክ ማገናኛ ክፍል ለአሥራ አራት ዓመት ሠርታለች፤ ሐኪሞቹን ከድምፃቸው አልፋ በሳላቸው ትለያቸዋለች። ከቤት እስከ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ እስከ ወንበሯ የሚያደርሳት «ዳኛው» የምንለው ቡናማ ውሻ ነው። ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት፤ መንገድ ከመሻገሩ በፊት ቆሞ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ አስቦ ነው የሚወስነው። ፈቃድ ከሌለው አውቶቡስ አያሳፍረውም፣ ሆስፒታሉም አያስገባውም።

ዳኛው የበሬም የዶሮም ሥጋ አይስማማውም። ሲበላ ቆዳው ይቆጣል፤ ሆዱ ሥር እስኪደማ ያካል፤ እያከከ ደግሞ ሰው መምራት አይሆንለትም። የሰፈራችን የእንስሳት ሐኪም ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንንም ያንንም ሞክረው በመጨረሻ ያገኙለት ምግብ ሩዝና የተቀቀለ አኩሪ አተር ነው፤ ከላዩ እሳቸው የሚለኩት የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት ይነሰነስበታል። ሐኪሙ አኩሪ አተር መድኃኒት ነው አላሉንም። ያሉን ይህን ነው፦ አኩሪ አተር ራሱ የማይስማማቸው ውሾች አሉ፤ ሲበዛ ሆድ ይነፋል፤ ጥሬው የምግብ መፈጨትን የሚያውክ ነገር አለው። ስለዚህ ተዘፍዝፎ፣ በደንብ በስሎ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ዘይት፣ ያለ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ በልክ ይሰጠው። እህቴ ይህን እንደ ስልክ ቁጥር በቃሏ ይዛዋለች። ዳኛውም ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ፣ ሳያክ ሥራ ውሎ ይገባል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ቅጹ። በዘንድሮው የፈቃድ እድሳት ቅጽ ላይ «ዋና ምግብ» የሚል ጥያቄ ስለጨመራችሁ እናመሰግናለን። እህቴ ቃል በቃል እውነቱን አስሞላችኝ። ኋላ ስንሰማ ከእኛ በፊት የተሰለፉት ሁሉ «መኖ» ብለው ጽፈው በዚያው ቀን ፈቃዳቸውን ይዘው ወጥተዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ናሙናው። ጽሕፈት ቤትዎ ምግቡን ለምርመራ እንዳቀርብ አዘዘኝ። እህቴ ልክ ለዳኛው እንደምትሠራው ቀቅላ፣ አቀዝቅዛ፣ ክዳን ባለው ሳህን ሰጠችኝ። ናሙና ተቀባይዋ ክዳኑን ከፈት አድርገው አዩና «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ እርጥብ ነው። እርጥብ አንመዘግብም» አሉኝ። ውሻው የሚበላው እንዲሁ እርጥቡን መሆኑን ባስረዳቸው፣ «እሱማ ይብላ፣ ማን ከለከለው? መዝገቡ ነው የማይቀበለው። ደረቁን፣ እንደተገዛ፣ በወረቀት ከረጢት አምጣልኝ» አሉኝ። ደግ ሴት ናቸው፤ ቃሉም የራሳቸው አይደለም። ከጭንቅላታቸው በላይ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው መመሪያ ቁጥር አራት ላይ «እርጥብ ናሙና ከረጢቱን ስለሚያበሰብስ አይመዘገብም» ተብሎ ተጽፏል። ሳህኑን ከናሙና መቀበያው መስኮት ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቼ ገበያ ወረድኩና ጥሬ አኩሪ አተር በወረቀት ከረጢት ይዤ ተመለስኩ። ጥፋት ካለ እዚህ ላይ የእኔም አለበት፤ እሺ ብያለሁ። ሰው ሲደክመው እሺ ይላል።

ሦስተኛ፣ ስለ ውጤቱ። ቤተ ሙከራችሁ በአሥራ አንድ ገጽና በሦስት ማኅተም አኩሪ አተሩ የምግብ መፈጨትን የሚያውክ ንጥረ ነገር እንዳለበትና ለውሻ ጎጂ እንደሆነ አረጋገጠ። በዚህ ግኝት ቤተሰባችን ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር አንድ ልብ ነው። ሐኪማችን ይህንኑ ከሦስት ዓመት በፊት በዳኛው ካርድ ጀርባ ላይ «ጥሬውን እንዳትሰጡ» ብለው በሁለት ቃላት ጽፈውልን ነበር። እናንተ በትጋት የመረመራችሁት ዳኛው በልቶት የማያውቀውን ምግብ መሆኑን በቅሬታ ማመልከቻ ባስታውስ፣ «ናሙናውን ያቀረቡት እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ ቅሬታዎ ተቀባይነት የለውም» የሚል መልስ በፍጥነት ደረሰኝ። ከእናንተ ዘንድ በፍጥነት የደረሰኝ ይህ ብቻ ስለሆነ ለእሱም አመሰግናለሁ።

አራተኛ፣ ስለ መፍትሔው። ውሻው ለሠላሳ ቀን ሥጋ ነክ መኖ ከበላ ፈቃዱ እንደሚታደስ፣ ካልበላ ግን እንደሚታገድ አስቀድማችሁ አሳውቃችሁናል። እህቴ ሕግ አክባሪ ናት፤ ሥራዋንም ትወዳለች። ስለዚህ ሞከርነው። በሁለተኛው ቀን ማከክ ጀመረ። በአራተኛው ቀን ራት ላይ ተቀምጠን፣ እህቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ የዳኛውን ማከክ አዳመጠች። እኛ የማንሰማውን ትሰማለች። ከዚያ ተነሥታ፣ ግድግዳውን እየዳበሰች ሄዳ የዳኛውን ሳህን አነሣችና «በቃ! እኔ ለአንድ ወረቀት ብዬ የዚህን ፍጡር ቆዳ አልገፍም» አለች። በማግሥቱ ወደ አኩሪ አተሩ መመለሳችንን እንድጽፍላችሁ ያዘዘችኝም እሷው ናት። እኔ ዝም እንበል ብያት ነበር። «እኔ የማላየውን አንተ ልትደብቅልኝ ነው?» ብላ አሳፈረችኝ። ጻፍኩ። እናንተም አገዳችሁ።

በአጭሩ፣ ዳኛው ሥጋ በልቶ ፈቃድ ቢያገኝ መምራት አይችልም፤ አኩሪ አተር በልቶ መምራት ሲችል ፈቃድ የለውም። ይህን ያህል የተሟላ መፍትሔ ለማግኘት ብዙ ባለሙያ ሳይደክምበት አይቀርም።

አምስተኛ፣ ስለ እኔ። ዛሬ ጠዋት እህቴን ክንዷን ይዤ ወደ ሥራዋ ያደረስኳት እኔ ነኝ። እንደ መሪ ውሻ ያለኝን ብቃት ስትገመግም እንዲህ አለችኝ፦ «አንተ ሰላምታ ታበዛለህ። ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ ከባለ ሱቁ ጋር ታወራ ነበር። ዳኛው ሥራ ላይ ሰው አያውቅም።» እውነቷን ነው፤ ጉልበቷ ተልጧል። ከመሥሪያ ቤቴ ያገኘሁት ፈቃድ ማክሰኞ ያልቃል። የሆስፒታሉ አስተዳደርም በጨዋ ቋንቋ፣ ከረቡዕ ጀምሮ በራሷ መምጣት ካልቻለች ወንበሯን ለሌላ ሰው ለመስጠት እንደሚገደድ ነግሯታል። ተተኪዋ ማን እንደሆነች ሳይቀር በስልኩ ሰምታለች፤ የሚደውሉት ሁሉ በእሷ በኩል ነውና።

ዳኛው ደግሞ ዛሬም ጠዋት መታጠቂያውን ነክሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የእግዱን ደብዳቤ አንብበንለታል። አልገባውም። በዚህ ከእኛ አይለይም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አኩሪ አተር ለውሻ ሁሉ ይስማማል በሉልን አላልንም፤ አይስማማም፣ ሐኪማችንም እንደዚያ አይሉም። በአንድ ወንበር ላይ የምትሠራ የአንዲት ሴት አንድ ውሻ የሚበላውን፣ እንደሚበላው አድርጋችሁ መርምሩልን ነው። ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። ከረጢት የሚያበሰብሰውን ነገር ሳህን ውስጥ እንዳለ የሚመዘግብ አንድ ሰው ይበቃል።

በሥራ ብዛት መካከል ይህን እስከ መጨረሻው ካነበቡ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ እስካሁን ካየሁት ትዕግሥት ሁሉ የላቀውን አሳይተዋልና ባለ ዕዳዎ ነኝ። ለጤናዎ፣ ለማኅተሞችዎ መድመቅና ለከረጢቶችዎ ድርቀት ዘወትር የምጸልይ፣ በመስኮቱ ፊት ባለው ሰልፍ ውስጥ በማንኛውም ጊዜ የሚያገኙኝ፣

ታዛዥዎ
የስልክ አገናኟ ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ ያን ቀን አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተውኩትን ሳህን ከገበያ ስመለስ ባዶውን አገኘሁት። ናሙና ተቀባይዋ ሳቃቸውን ማፈን አቅቷቸው «ውይ ወንድሜ፣ የእኛው ጮማ ነው የጨረሰልህ!» አሉኝ። ጮማ የጽሕፈት ቤትዎ በር ጠባቂ ውሻ ነው። እንግዲህ በግቢዎ ውስጥ የተቀቀለ አኩሪ አተር የመረመረ ባለሙያ እሱ ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ሳህን ማስረጃ እንደማይሆን ሐኪማችን ነግረውኛል፤ አልከራከርም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በተመላለስኩ ቁጥር ጭራውን እየቆላ ከበሩ እስከ መስኮቱ የሚሸኘኝ፣ ምን ይዤ እንደመጣሁም ለማወቅ የሚጓጓ፣ ከመሥሪያ ቤትዎ ሠራተኞች ሁሉ እሱ ብቻ ነው። በእግዱ ላይ ይግባኝ ብለናል፤ የጽሕፈት ቤትዎ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ የእህቴን ጉዳይ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይወስናል። እህቴ ትቀቅላለች፣ እኔ ሳህኑን ይዤ እመጣለሁ። ናሙናው በዚህ ጊዜ እንኳ ኮሚቴው ፊት እንዲደርስ፣ እባክዎ ጮማን ያስሩልን።