ለእምየ የሚሆን መሸከሚያ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 3 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ ማታ 1 ሰ.

ጨው ልገዛ ገበያ ወጣሁ፤ ጨው ሳልገዛ ተመለስሁ። የዛሪማው ጨው ነጋዴ ገና ሲያየኝ ባርኔጣውን አወለቀ። ደግ ወሬ ይዞ ባርኔጣ ያወለቀልኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። አክስቴ ማንጠግቦሽ፣ የእምየ ታላቅ እህት፣ አልጋ ከያዘች ወር ሆኗታል። መልእክቷ አጭር ነው፦ ክረምት ሳይገባ እህቴን አምጡልኝ።

ደብተሬ፣ እምየ በ13 ዓመቷ ተድራ ጎንደር ከገባች ወዲህ ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። መጀመሪያ ልጅ መጣ፣ ቀጥሎ ጣሊያን፣ ቀጥሎ የእምየ ጉልበት። ሰላምታ በገበያተኛ፣ ማር በገበያተኛ፣ መርዶም በገበያተኛ።

ስለ መንገዱ ጠየቅሁ። እስከ ዛሪማ ማኪና አለ። ከዚያ ወደ አምባው ሽቅብ ግማሽ ቀን በእግር። በቅሎስ? ናዳ መንገዱን ከበላው ወዲህ በቅሎ አይታሰብም። ቃሬዛስ? ጥምዝምዙ ላይ አይዞርም። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ እሱም ገደሉ ላይ ተለጥፎ።

ለእምየ ነገርኋት። አላለቀሰችም። ሣጥኗን ከፍታ የመንገድ ቀሚስ መምረጥ ጀመረች። ምነው ባለቀሰች!

ሰኞ፣ ግንቦት 5

መ/ቤት። አንዲት ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ገለበጥሁ፣ ሦስቴም አበላሸሁ። አለቃዬ ታምመሃል ወይ አለኝ። አዎ ብል ደግ ነበር፤ ሐሳቤ ገደሉ ላይ ነው።

መፍትሔው አንድ ነው። እኔው ልሸከማት። እንደ ልጅ ላዝላት አልችልም፤ ግራ ጉልበቷ አይታጠፍም፣ እኔም ለገደሉ ሁለት እጄን እፈልገዋለሁ። ስለዚህ ጀርባ ላይ የሚታሰር መሸከሚያ።

ከሥራ ስወጣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡት ዘንድ ጎራ አልሁ። አገኘሁ! የጣሊያን ተራራ ወታደር ጥሎት የሄደ የብረት መሸከሚያ። ሁለት ቋሚ፣ ሁለት ማንገቻ፣ ከታች ወጣ ያለች መደርደሪያ። መደርደሪያዋ ለእምየ መቀመጫ የተለካች ትመስላለች። ገዛሁ። በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ጓዳ አስገባሁ። ሳልሞክረው አላሳያትም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7፣ ጠዋት 2 ሰ.

ትናንት ደጃፉን ላሻግርሽ ብዬ እምየን ብድግ አደረግኋት። ተንኮሌ ክብደቷን ለማወቅ ነበር። ግማሽ ኩንታል አትሞላም። ደነገጥሁ። ከቀሃ ወንዝ ውሃ በእንስራ ተሸክማ፣ እኔን ደግሞ በአንቀልባ አዝላ፣ ያን ሁሉ ዳገት እየዘፈነች የምትወጣዋ ሴት የት ሄደች? አንቀልባው ዛሬም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ቆዳው ደርቋል፤ ዛጎሎቹ ግን አሉ።

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ቀሃ ወርጄ የእሷን ያህል ድንጋይ ብረቱ ላይ አሰርሁ። ዳገቱን ወጣሁ። ማንገቻው ትከሻዬን ቆረጠው፤ ብረቱ ወገቤን ወጋኝ። ሰው አላየኝም። የመንግሥት ጸሐፊ እንደ አህያ ተጭኖ ቢታይ ምን ይባላል?

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

ታይቻለሁ! ለዚያውም በጎረቤታችን በእትየ በላይነሽ።

ድንጋይ አዝሎ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ብቻውን። ሌላ ምን ይመስላል? የንስሐ ቅጣት ነዋ። ቀትር ላይ መጥታ እምየን በሹክሹክታ፣ ምነው ልጅሽ ምን ቢያጠፋ ነው የንስሐ አባቱ እንዲህ ያከበዱበት ብላ ጠየቀቻት። አጥር ለአጥር ያለው ሰፈር ሁሉ ኃጢአት እየመረጠልኝ ነው። ግማሹ ሴት ነው ይላል፤ ግማሹ የመ/ቤት ገንዘብ። ሳላገባ በመቅረቴ የሴቱ ወገን ሳይበዛ አይቀርም።

እምየ ጠራችኝ። ማምለጫ የለም፤ ብረቱን አውጥቼ አሳየኋት። በጣቷ ዳሰሰችው። ከየት እንደመጣ ጠየቀች። ነገርኋት። እጇን እንደተቃጠለ ሰው መለስ አደረገች።

“አባትህን የገደሉት ባዘሉት ብረት ላይ ከምቀመጥ በደረቴ እየተሳብሁ እሄዳለሁ።”

እንዴት አላሰብሁትም? አባቴ ሲገደል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ትከሻው ላይ አውጥቶኝ ጥምቀት ያየሁ ልጅ ነኝ እኮ። ከዚያ ላይ ሆኜ ዓለም ሁሉ ጥላና ባርኔጣ ነበር። ትከሻው የጢስና የቅቤ ሽታ ነበረው። አፈርሁ፤ በጣም አፈርሁ። ብረቱን ለሸጠልኝ ሰው በግማሽ ዋጋ መለስሁለት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10

የትምህርት ቤቱ ፈረንጅ መምህር ዘንድ ሄድሁ። ዕረፍት ባገኘ ቁጥር የስሜን ተራራ የሚወጣው። አዲስ መሸከሚያ ከአገሩ መጥቶለታል ሲባል ሰምቼ ነበር። ደብተሬ፣ ብታየው! ቀጫጭን የሚያበራ ቱቦ፣ በአንድ ጣት የሚነሳ። ላዩ ላይ ሸራ ቦርሳ ተንጠልጥሏል።

ሰውየው ደግ ነው። ጀርባዬን በገመድ ለካኝ፦ ከአንገቴ አጥንት እስከ ዳሌዬ። መሸከሚያ የሚመረጠው በዚህ ነው አለ፤ የሰው ጀርባ እንደ ጫማ ቁጥር አለው። ደግሞ ሸክም የትከሻ አይደለም፣ የዳሌ ነው አለኝ። ወገብ ላይ ሰፊ ነገር ታስሮ ክብደቱ እዚያ ማረፍ አለበት። የኔ ትከሻ ለምን እንደተቆረጠ ገባኝ።

ውሰደው፣ አውስሃለሁ አለኝ። አገላብጬ አየሁት። መቀመጫ የለው፣ እግር ማሳረፊያ የለው። ሸጋ ዕቃ ነው፤ እናቱን አገሩ ትቶ ለመጣ ሰው። አመስግኜ ገመዱን ብቻ ይዤ ተመለስሁ።

ማታ ዳመነ። ክረምቱ እንዳይቀድመኝ እፈራለሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13

ወለቃ ወረድሁ፣ አያ ይርዳው ዘንድ። ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ብረትም እንጨትም የሚታዘዝላቸው ባለ እጅ። የቤታችንን አልጋ ለአባቴ የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም።

ገመዱን ሰጠኋቸው፣ የዳሌውንም ነገር ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እኔ ያላሰብሁትን ጠየቁኝ። የትኛው ጉልበቷ ነው? ስትቀመጥ ቁመቷ ስንት ስንዝር ነው? ስትፈራ ምን ትይዛለች? የመጨረሻውን አላወቅሁም። እናቴ ስትፈራ አይቼ አላውቅም።

ከዋንዛ እንጨት ይሠሩታል፣ ቀላል ስለሆነ። መቀመጫውና ጀርባው እንደ አልጋው በጠፍር ይታታል። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሰድ አሉኝ፤ ሰንበታቸው ከገባ በኋላ እጃቸው ሥራ አይነካም።

ዓርብ፣ ግንቦት 16፣ ማታ

ደርሷል። ሸጋ ነው። ግን ተናደድሁ።

መቀመጫው ወደ ኋላ ዞሯል! ጀርባዋ ከጀርባዬ ተገጥሞ፣ ፊቷ የመጣንበትን እያየ ልትሄድ ነው። ይገልበጥ አልሁ። አያ ይርዳው አልተቆጡም። ወደ ፊት ብትዞር የማይታጠፈው እግሯ የት ይገባል? ክብደቷስ ከጀርባዬ ከራቀ ገደሉ ላይ ማን ይይዘኛል? ኩርፊያዬን ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ።

እምየ ተቀመጠችበት። የቀኝና የግራውን እንጨት ያዘች። እኔ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርሁ። ስንት ዓመት የናፈቅሽውን አገር ጀርባሽን ሰጥተሽ ልትገቢ ነው፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ቀን ቢኖረን ሌላ አሠራ ነበር...

የሠርጓን ቀን አወራችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አውርታኝ አታውቅም። ሚዜው አዝሎ ከቤት አወጣት። በቅሎ ላይ አስቀምጠው ካባ ከነራሷ ሸፈኑባት። ሙሽራ አትገለጥም። ያን ቁልቁለት ሁሉ ያየችው የካባውን ጨለማ ነው። ከኋላዋ ማንጠግቦሽ ቋጥኝ ላይ ቆማ ስሟን ትጣራለች፤ ሙሽራ ዞራ ካየች ደግሞ ገድ የለውም ይባላል። አልዞረችም። ድምፁ እየራቀ እየራቀ ጠፋ።

“በዚያ መንገድ መጣሁ እንጂ መንገዱን አላየሁትም። ፊቴን ወደ ጎንደር አድርጌ ስወርድ ማየት የነበረብኝ ይኸው አሁን በዚህ ወንበር ሊታየኝ ነው። እንዳትነካው!”

አለቀስሁ። እሷ አላለቀሰችም። እኔ ግን ሙግቴን አልተውሁም፤ እህትሽ ዘንድ በጀርባሽ ልትደርሺ ነው ወይ አልኋት።

“አንተ ጅል! ደጃፏ ስንደርስ አንተ ትዞራለሃ!”

እሑድ፣ ግንቦት 18

ከቅዳሴ መልስ። ወገቤ ላይ የሚታሰረው ተገኘ፦ የእምየ መቀነት፣ አራት ጊዜ ተጠምጥሞ። ትከሻዬን ምንም አይለኝም።

ድንጋዩን ጭኜ ግቢው ውስጥ ወደ ኋላ መሄድ ተለማመድሁ። አንዴ ከምሰሶ ተላተምሁ፤ አንዴ ዶሮ ረገጥሁ። ቀና ስል እትየ በላይነሽ አጥሩ ላይ። አማተበች። ቅጣቱ የኋሊት ሆነ ብላ ለሰፈሩ ለመንገር ስትሮጥ ነጠላዋ እሾህ ያዛት። እምየ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ የሰማኋት አባቴ በነበረ ጊዜ ነው።

ማኪናው ነገ ጠዋት 12 ሰ. ይነሳል። ቀሚሷ ተመርጧል፣ ለአክስቴ ማር ተቋጥሯል፤ ዘንድሮ በገበያተኛ አይደለም። ደብተሬ፣ አንተ ትቀራለህ፤ ሸክሜ ሞልቷል።

ወስኛለሁ። አክስቴ አልጋዋን ደጃፍ ላይ እንዲያወጡላት በጨው ነጋዴው መልእክት ልኬአለሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ እዞራለሁ፤ የቀረውን ወደ ኋላ፣ ቀስ ብዬ፣ እምየ ግራ ስትለኝ ግራ፣ ቀኝ ስትለኝ ቀኝ። ሁለቱ ሲገናኙ እኔ ፊቴ ወደ ገደሉ ስለሚሆን አላያቸውም።

ይሁን። ድምፃቸውን እሰማለሁ።